ፊቴ ያስጠፋሁት ማስታወሻ

ሸማ ተራ ያለው ሱቃችን የኮምፒውተር ሥራውን ለዓመታት የሚያሠራው በውጭ ሰው ነበር። ሲኒማ ራስ አካባቢ ትንሽ ቢሮ ያለው ባለሙያ የደንበኞቻችንን ዝርዝርና ትእዛዝ እሱው ዘንድ ይይዝልን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣና እናቴ አጠገብ ይቀመጣል። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይጽፋል።

እናቴ ስታርፍ ሱቁ ለእኔ ቀረ። እኔ ደግሞ የገዛ ጥላዬን የምጠራጠር ሰው ነኝ። የቤቴ ቁልፍ በሰው ኪስ ምን ይሠራል አልኩና በኮምፒውተር የተመረቀችውን የእህቴን ልጅ ቀጠርኩ። ሰውየው ሁሉንም ካስረከበ በኋላ፣ ሠራተኞቹ እየሰሙ፣ «አንተ ዘንድ ያለውን ቅጂ እዚሁ ፊቴ አጥፋው» አልኩት። ላፕቶፑን ከፍቶ አጠፋ። ያን ሁሉ ዓመት ላገለገለን ሰው ሻይ እንኳን ጠጣ አላልኩትም።

የእህቴ ልጅ ዝርዝሩን ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ስታዛውር፣ «ማስታወሻ የሚል ዓምድ አለ፤ ይግባ?» አለችኝ። አንድ ሁለቱን አየሁ፣ የሴቶች ወሬ መሰለኝ።

«ስምና ትእዛዝ ይበቃል፤ ሌላውን አጥፊው» አልኳት።

ለፋሲካ እንደ ልማዳችን ለነባር ደንበኞች ነጠላ ላክን። ተክለ ሃይማኖት ለሚኖሩ የእናቴ ወዳጅ ቀይ ጥበብ ያለው ደረሳቸው። በማግስቱ ራሳቸው ይዘውት መጡ።

«ልጄ ከሞተ ወዲህ እናትህ ጥበብ ያለው ልካልኝ አታውቅም» አሉኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውት ወጡ። የምገባበት ጠፋኝ።

ማን ሐዘን ላይ እንዳለ፣ ማን ልጅ እንደሚድር፣ ማን ደማቅ ቀለም እንደማይወድ፣ እናቴ የምታውቀው ሁሉ ያ ዓምድ ውስጥ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? እኔ ጭራሽ ጣልኩት።

ሲኒማ ራስ ሄጄ ሰውየውን ቅጂ ተርፎት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«አጥፋ ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቀጥሎም፣ «ስለ እርስዎም እናትዎ አስጽፈውኝ ነበር። ያቺን ማስታወሻ በቃሌ አውቃታለሁ። ‹ልጄ ቢቆጣህ አትቀየመው፤ ቀን ስጠው፣ ይቅርታ ሊል ራሱ ይመጣል።›»

ይህን ብሎ ወንበር ሳበልኝ።

እናቴ በዚህ ተሳስታ ነበር። እኔ የመጣሁት ለቅጂው ነው።