ፍየሏ ለምን ታሰረች?

ጉለሌ ውስጥ እንደኔ ያለ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ የሱቅ ማስታወቂያ እያየሁ ማንበብ ተማርሁ፤ ዛሬ የጎረቤቶቼን የፍርድ ቤት ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነኝ። ስለዚህ የልጅ ልጄን ማንበብ ሳስተምር ማንንም አላማከርሁም። እንደ ቄስ ተማሪ በዜማ አስነበብኋት፤ መጽሐፏን እንደ ውኃ ጠጣችው።

የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ግን አስጠራችኝ።

"አባባ፣ ታነባለች፤ ያነበበችው ግን አይገባትም። ሰኞ እንደገና እጠይቃታለሁ። ካልመለሰች ከጓደኞቿ ጋር አንደኛ ክፍል አትገባም።"

ቤት እንደገባን መጽሐፏ ውስጥ ስላለችው ፍየል ጠየቅኋት።

"ፍየሏ ለምን ታሰረች?"

"ፍየሏ ከቤት ወጣች፣ ጎመን በላች፣ ባለቤቷ አሰራት" ብላ ገጹን በሙሉ አዜመችልኝ።

"እኮ ለምን?"

"ፍየሏ ከቤት ወጣች..."

እኔ ድምፄን ከፍ ሳደርግ እሷም ዜማዋን ከፍ አደረገች። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ሆነን ዋልን። ልጅቷ በእኔ ትምህርት ከእኩዮቿ ልትቀር ነው ብዬ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

በማግስቱ ተስፋ ቆርጬ መጽሐፉን ዘጋሁና ሸጎሌ፣ ከብት ገበያ ይዣት ወጣሁ። በገመድ የታሰሩ ፍየሎች ስታይ ቆም አለች።

"አባባ፣ እነዚህ ሁሉ ጎመን በልተው ነው?"

ነጋዴው ሳቀ። እኔ ግን እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

ሰኞ መምህርቷ ፊት ትመልስ ይሁን ታዜም አላውቅም። እስካሁን የቻልሁትን ግን ልቁጠር፦ ያለ አስተማሪ ማንበብ፤ ለሰፈሩ ማመልከቻ መጻፍ፤ አንዲት ሕፃን ዜማውን ትታ ያነበበችውን እንድታስብ ማድረግ። በዚህ በመጨረሻው ላይ ፍየሎቹም ትንሽ ረድተውኛል።