ለሁለት አንድ ቲኬት

ኮንሰርት ያለ ወጪ እንዴት እንደሚሰማ ማወቅ የሚፈልግ ካለ እኔን ይጠይቀኝ። ከእናቴ ተምሬዋለሁ። ሐይቅ ከተማ ዘፋኝ በመጣ ቁጥር እናቴ ቲኬት የሚቆረጥበትን በር በሩቁ ታልፈውና ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ፎጣዋን አንጥፋ ትቀመጥ ነበር። «የዘፋኙን መልክ ምን ላደርገው ነው? ድምፁ እንደሁ እዚሁ ይመጣልኛል» ትላለች። ቆሎዋን ከቤት ትይዛለች፤ ውሃም እንደዚያው። አንድ እግሯን ትንሽ እየጎተተች ስለምትራመድ ቦታ ለመያዝ ከሁሉም ቀድማ ትነሳለች። አምባሰል የተጀመረ እንደሆነ ታዲያ ወሬ የለም፤ የሚያወራውን በዓይኗ ነው የምትገርፈው።

እሷ ከሞተች በዓመቱ፣ ከኢድ በኋላ ባለው እሁድ፣ አምባሰልን አሳምራ የምትጫወት ዘፋኝ ወደ ከተማችን ልትመጣ ነው ተባለ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ግጥም መደርደር ልማዴ ነው። ለእናቴ የገጠምኩት ሁለት መስመር ነበረኝ፦

ገበያው ሞላ አሉ፣ ሰው እየተጋፋ፤
የእናቴ አረማመድ ከመሀሉ ጠፋ።

በእኛ አገር ደንቡ የታወቀ ነው። ግጥም ያለው ሰው ወደ መድረኩ ይወጣል፣ ብሩን ዘፋኟ ግንባር ላይ ይለጥፋል፣ ግጥሙን በጆሮዋ ይነግራታል። እሷም ስለ ማን እንደተባለ በማይኩ ተናግራ ታዜምለታለች። ይቺ ግጥሜ በአምባሰል ዜማ፣ ለእናቴ መታሰቢያ ተብላ አንዴ እንድትዘፈን ነበር ምኞቴ። ሌላ ምንም አላደረግኩላትም።

ችግሩ፣ ቲኬት ከገዛሁ ለሽልማት የሚተርፈኝ የሚያሳፍር ነው። ለሽልማቱ ካዋልኩት ደግሞ መግቢያ የለኝም። በዚያ ላይ ሰው ፊት ስቆም እንባ ይቀድመኛል።

መላውን ያመጣችው ጓደኛዬ ናት። ቤታችን በር ለበር ነው፤ እናቴ አንዴ ለእኔ አንዴ ለእሷ እያጎረሰች ነው ያሳደገችን። «ለሁለታችን አንድ ቲኬት ይበቃናል» አለችኝ። «ግማሽ ግማሽ እናውጣና እኔ ልግባ። ሽልማቱን ለጥፌ ግጥምሽን እነግርልሻለሁ። አንቺ በእናትሽ ቦታ ሆነሽ ስሚ። አብሽሪ እህቴ!»

ሐሳቡን ወደድኩት። እንዲያውም በብልጠታችን ኮራሁ። ብሩን ሰጠኋት፣ ግጥሙን እስክትይዘው ድረስ ደጋግሜ አስባልኳት። እንዳትሳሳትብኝ ነበር ፍርሃቴ።

እሁድ ከሰዓት ከአጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። እንደ እኔ ያሉ ቆጣቢዎች ሞልተዋል። አንዲት ሴትዮ ቆሎ ዘገነችልኝ። ዘፋኟ ሞቅ ሞቅ ያሉትን ዘፈኖች ጨርሳ አምባሰል ስትጀምር ወደ ቆርቆሮው ተጠጋሁ። ለሴትዮዋ «አሁን የእናቴ ይመጣል» አልኳት፤ እሷም የጎኗን ሰዎች ዝም አሰኘችልኝ።

ዘፋኟ በማይኩ ተናገረች። «ይህ ከአንዲት ቆንጆ እህታችን ነው። በዚህ ሳምንት ወደ ዓረብ አገር ለሚመለሰው እጮኛዋ!» ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። እኔ የሌላ ሰው ተራ መስሎኝ ጠበቅኩ። ቀጥላ ግን «ገበያው ሞላ አሉ» አለች። ሁለተኛው መስመር ላይ እናቴ የለችም። «የውዴ አረማመድ» ብላ አዜመችው። ሰው ስለወደደው ደገመችው።

«የእናቴ ያልሽው ይኸ ነው?» አለችኝ ሴትዮዋ። ከቆርቆሮው ወዲህ ሆኜ ማንን ላስቆም? ግጥሜ ነው ብዬ ብጮህ ቲኬት እንኳን የሌለኝ ሰው ነኝ። ወላሂ፣ ያን ቀን በራሴ ቁጠባ የተናደድኩትን ያህል በማንም ተናድጄ አላውቅም፤ በጓደኛዬ ካልሆነ በቀር።

ሲያልቅ በሩ ላይ ጠበቅኳት። ለኢድ ከመጣው እጮኛዋ ጋር ወጣች፤ ክንዱን ይዛለች። እሱን ወደፊት አስቀድማ፣ ፊቷ በርቶ ወደ እኔ መጣች። «ሰማሽ? ሁለቴ እኮ ነው ያለችልን!»

«እናቴን የት አደረግሻት?» አልኳት።

«አንዲት ቃል ናት የለወጥኩት። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ለቅሶ ላዘፍን ነው እንዴ? ሰውም ደስ ብሎት ያጨበጭባል አልኩ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እናትሽ እንደሁ አትሰማም።»

ያጎረሳት የእናቴ እጅ ትዝ አለኝ። የምመልሰው ክፉ ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ እንባው ቀደመውና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ብሩን ልመልስልሽ ብላ በማግስቱ መጣች። በሩን አልከፈትኩላትም።

ሰው ዘፈኑን በስልክ ቀርጾት ኖሮ በሳምንቱ ከተማውን አዳረሰው። ባጃጁ ውስጥ እሱ ነው፤ ሻይ ቤቱም እሱ። አንድ የገበያ ቀን ሽንኩርት ልገዛ ጎንበስ ብዬ ስመርጥ፣ ሳላስበው ግጥሜን እንደገጠምኩት አንጎራጎርኩት። ነጋዴዋ ሽንኩርቱን እየመዘነች ሳቀች።

«ተሳስተሻል እህቴ» አለችኝ። «የእናቴ አይልም፤ የውዴ ነው የሚለው።»

«እሺ» አልኳትና ሽንኩርቴን ተቀብዬ ሄድኩ።