ሰባት ቁጥር ሳህን

እትዬ ብልቃጥ የሚለውን ስም ያወጣላት የፈንገስ ምርምር ተቋሙ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው። እሷ በእቃ ማጠቢያ ክፍሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ አንድም ብልቃጥ ሰብራ አታውቅም፤ እሱ ግን ከመደርደሪያ ሲያወርድ ብቻ በዓመት ደርዘን ይፈጃል። ስሙን ያወጣልኝ በቅናት ነው ትላለች። አንገቷ ቀጠን፣ ከወገቧ በታች ሰፋ ያለች ሴት ስለሆነች ግን ስሙ በመልክም አልተሳሳተም።

ከዚያ በፊት ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሳህን አጣቢ ነበረች። ተቋሙ ሲቀጥራት «ያው ሳህን ነው» ብላ ነው የገባችው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ተመራማሪ በበሩ አንገቱን አስግጎ፣ «እባክሽ አጋሩን አፍዪልኝ፤ እንዳያርርብሽ እያማሰልሽ» ብሏት እብስ አለ። እሷ አጋር ሲባል የምታውቀው የሥራ ባልደረባን ነው። አጠገቧ ያለው ብቸኛ ባልደረባ ደግሞ ጠርሙስ የሚያደርቁት ሽማግሌ ናቸው። ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸውና፣ «አባቴ፣ እርስዎን የሚችል ድስት እዚህ ቤት ያለ አይመስለኝም» አለቻቸው። ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ቆዩና፣ አጋር የሚባለው ሲፈላ የሚቀልጥ፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ፣ ፈንገስ የሚዘራበት ነገር መሆኑን አስረዷት።

ተቋሙ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ከክሊኒክ የሚመጣለትን የጥፍርና የቆዳ ፍቅፋቂ ያጠናል። ሁለተኛው የሰብል በሽታ ላይ ነው። ሦስተኛው ከጫካ አፈርና እንጉዳይ እየለቀመ የዛፍ ሥር ከፈንገስ ጋር እንዴት ምግብ እንደሚለዋወጥ ይመረምራል። የሦስቱ ክፍል ሰዎች በስብሰባ ላይ እንኳ ተስማምተው አያውቁም፤ የቆሸሸ ሳህናቸው ግን እሷ ገንዳ ውስጥ በሰላም ይገናኛል። እትዬ ብልቃጥ እያንዳንዱን ሳህን በእንፋሎት ከመቀቀሏ በፊት፣ «ይሄ ጠላት ነው ወዳጅ?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱን ሳትሰማ አታጥብም። እንዲህ እንዲህ ስትል ሦስቱም ክፍል የሚሠራውን የምታውቅ ብቸኛ ሰው ሆነች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ንጹሕ፣ ጭምት፣ በሽታ የሚፈራ ሰው። ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆሞ «እጅሽን በደንብ ታጥበሻል?» ይላታል። እሷ ሻጋታ የበቀለበት ይመስል ጆሮውን ትኩር ብላ ታይና «እምም» ትላለች።

«ምንድን ነው?»

«ምንም። ገና ነው።»

እሷ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ እሱ የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መስታወት ፊት ግማሽ ሰዓት ይቆማል።

መከራው የመጣው በአሥራ ሰባተኛው ዓመቷ ላይ ነው። በሰብል ክፍል ውስጥ አንዲት ቀጭን፣ ስትናደድ ብቻ የምትንተባተብ ወጣት ተመራማሪ ነበረች። የምታጠናው የባቄላ ሥር የሚያበሰብስ ፈንገስ ነው፤ ነጭ፣ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ። ሳህን ላይ ትዘራዋለች፣ ሙቀቱ የተመጠነ ክፍል ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ በአምስተኛው ቀን ስትመጣ ነጩ የት እንደገባ ሳይታወቅ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ሻጋታ ተንጣልሎ ይጠብቃታል። አንድ ቀን አይደለም፣ ሁለት ቀን አይደለም፤ አራት ወር ሙሉ።

ነገሩ ዳይሬክተሩ ጆሮ ደረሰ። ዳይሬክተሩ ጠና ያሉ፣ ከረባታቸው ዝንፍ የማይል ሰው ናቸው። «ምግብ ይዞ መግባት በጥብቅ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ በፊርማና በማኅተም በየበሩ ለጥፈዋል፤ መጸዳጃ ቤቱም አልቀረለትም። ጠዋት ጠዋት ክፍል ለክፍል እየዞሩ የሳህኖቹን ክዳን ብድግ አድርገው ማየት ይወዳሉ። ስለ ሻጋታው ሲነገራቸው ብዙ አላሰቡም።

«የአስተጣጠብ ችግር ነው» አሉ።

በማግስቱ እትዬ ብልቃጥ ደብዳቤ ደረሳት። «በእቃ አጠባ ረገድ ባሳዩት ቸልተኝነት» ይላል፤ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ግልባጩ የግል ማኅደሯ ውስጥ ገብቷል። ማድረቂያው አጠገብ ቆማ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አጥፋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችና ማጠቧን ቀጠለች። የዚያን ቀን ሰው ላይ አልቀለደችም። ቤት ስትገባም ባሏን ቀና ብላ አላየችውም።

እሱ ጥቂት ጠበቀና፣ «ዛሬ ጆሮዬን አታዪም?» አላት።

ያኔ እንባዋ መጣ። ደብዳቤውን አውጥታ ሰጠችው። አነበበውና በሁለት ጣቱ ይዞ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«እኔ ጋ እኮ ሱሪ ሲጠባቸው ‹አሳንሰህ ሰፋኸው› ይሉኛል» አለ። «ሰውዬው ምን ሲበላ እንደከረመ ማንም አይጠይቀውም።»

ማጽናኛው ይህን ያህል አልነበረም፤ ግን ሌሊቱን አሳስቧት አደረ። ጠዋት ቀጥታ ወደ ወጣቷ ተመራማሪ ሄደች።

«ስሚ ልጄ፣ ሻጋታ የሚመጣው በአየር ነው ትሉ የለ?»

«አዎ እትዬ፤ ዘሩ ከአቧራም ያነሰ ብናኝ ነው፤ ይንሳፈፍና ያገኘበት ያርፋል።»

«እንግዲያው ሃያ ሳህን ስጪኝ። አጋር ያለበት፣ ያልተነካ። በየክፍሉ ክዳኑን ከፍተን አንድ ሰዓት እናስቀምጠው። የት የት እንደሚበዛ ራሱ ይነግረናል።»

«ይሄን እኔ ነበርኩ ማሰብ የነበረብኝ» አለች ተመራማሪዋ።

«አንቺ ብዙ የምታስቢው አለሽ። እኔ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው ያለኝ።»

ሃያውን ሳህን ቁጥር ሰጥተው የቁጥሩን ዝርዝር እትዬ ብልቃጥ ያዘች። አንድ ቁጥር ማጠቢያ ክፍል፣ ሁለት ቁጥር ኮሪደር፣ ሦስት ቁጥር ግምጃ ቤት እያለ ይቀጥላል። የዳይሬክተሩን ቢሮ የከፈተችላቸው ጸሐፊያቸው ናት፤ እሳቸው ሌላ ሕንፃ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጸሐፊዋ ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችም፤ «ጠረጴዛው ስር አስቀምጡት፣ እዚያ አይታይም» አለች እንጂ።

በአምስተኛው ቀን ሳህኖቹ ተደረደሩ። የማጠቢያ ክፍሉ ላይ ሁለት ነጠብጣብ ብቻ ነበረ። ግምጃ ቤቱ ትንሽ ጠቆር ብሏል። ሰባት ቁጥር ግን ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ለብሶ ቁጭ ብሏል። ተመራማሪዋ በማይክሮስኮፕ ከራሷ የተበላሹ ሳህኖች ጋር አስተያየችው፤ ያው ራሱ ነው። ዝርዝሩን አይታ ግን መንተባተብ ጀመረች።

«የ... የዳ... እትዬ፣ ማን ነው የሚነግራቸው?»

«እኛ ምን በወጣን» አለች እትዬ ብልቃጥ። «ራሳቸው ይናገሩ።»

የወሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ተመራማሪዋ ሃያውን ሳህን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አሰለፈች። ቁጥር እንጂ ቦታ አልተጻፈባቸውም። ዳይሬክተሩ ነገሩን ሲሰሙ ደስ አላቸው። መነጽራቸውን አጥብቀው ከአንድ ወደ ሌላው እየተራመዱ፣ «ሸጋ ዘዴ ነው፣ እንዲህ ነው ሥራ» ሲሉ ቆዩና ሰባት ቁጥር ላይ ደርሰው ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው? ይሄ ክፍል ነው ወይስ የበሰበሰ ጎተራ?»

እሳቸው ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ።

«ጻፊ። የሰባት ቁጥር ክፍል ባለቤት በሦስት ቀን ውስጥ የጽሑፍ ማብራሪያ ያቅርብ። ክፍሉንም በገዛ እጁ ይጠብ። ማጠብ የሚያውቅ ሰው ይቆጣጠረው።» ጸሐፊዋ ቃል በቃል ጻፈች። «ለመሆኑ የማን ክፍል ነው?»

እትዬ ብልቃጥ ከኋላ ወንበር ተነሥታ ሽርጧን አስተካከለች።

«የእርስዎ ነው፣ ዶክተር።»

ጸሐፊዋ ብዕሯን ወረቀቱ ላይ እንደደገነች፣ በትሕትና፣ «ይሄንንም ቃለ ጉባኤው ላይ ላስገባው?» አለች።

ከዚያ በኋላ ስብሰባው ተሰብሳቢዎቹን እንደያዘ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተዛወረ። መሳቢያ አንድ፣ ወረቀት። መሳቢያ ሁለት፣ ማኅተም። ሦስተኛው ተቆልፏል። ዳይሬክተሩ ቁልፉን ሲያወጡ እጃቸው ቀስ ያለ ነበር። ከውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለለ ማርማላታ የተቀባ ዳቦ ወጣ፤ አንዱ የዛሬ ነው። ከበስተኋላው ተረስቶ የከረመው ሌላው ግን አረንጓዴ ከፋይ የለበሰ ይመስላል፤ የተገመጠበት ቦታ እስካሁን ያስታውቃል። ሰውየው ጠዋት ዳቧቸውን ይቀምሱና በዚያው እጃቸው ሳህን እየከፈቱ ይዞሩ ነበር።

«ስኳር ከልክለውኛል» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ቤት ውስጥ ባለቤቴ ኪሴን ሳይቀር ትፈትሻለች።»

አንድ ሁለቱ ሳቃቸውን ሊውጡ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እትዬ ብልቃጥ ግን ድንገት ሰውየው አሳዘኗት። እንዲህ ይሆናል ብላ አልጠበቀችም፤ ስትስቅ ለመዋል ነበር የመጣችው። ደግነቱ የሦስቱ ክፍል ኃላፊዎች ወዲያው በዳቦው ተጣሉና ነገሩ ተለወጠ። የጤናው፣ «የሰው አፍ ስለነካው የኛ ነው» አለ። የሰብሉ፣ «ስንዴ እኮ ነው» አለ። የጫካው ኃላፊ ጥቂት አስቦ፣ «መሳቢያው እንጨት ነው» አለ።

ዳይሬክተሩ ቃላቸውን አላጠፉም። በሦስተኛው ቀን ማብራሪያቸውን ጽፈው፣ ፈርመው፣ ለራሳቸው አስገቡ፤ ደረሰኝ ብለው ማኅተም መቱበት። ቅዳሜ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቢሯቸውን አጠቡ። እትዬ ብልቃጥ በእሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጣ ተቆጣጠረች።

«ጥግ ጥጉን፣ ዶክተር። እዚያ ነው የሚሸሸገው።»

ሲጨርሱ የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ከማኅደሯ አውጥተው፣ በእርጥብ እጃቸው ራሳቸው ሰጧት። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ። እሷ አንድ ቀልድ አዘጋጅታ ነበር፤ ዋጠችው።

የዳቦው ሻጋታ በመጨረሻ ለሦስቱም ክፍል ተካፈለ። እትዬ ብልቃጥ አንድ ነገር እንዲያድን ተመኝታ ነበር። በጥፍር ፈንገስ ላይ ሞከሩት፣ በባቄላው አበስባሽ ላይ ሞከሩት፣ በዛፍ ሥር ላይ ሞከሩት፤ ለምንም አልረባም። «ሰነፍ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ስላደገ ነው» አለች። የተመራማሪዋ ሳህኖች ግን ነጭ ሆነው ቀሩ። በሁለተኛው ዓመት ከጫካው ክፍል ተውሳ ያመጣችው አንድ የአፈር ፈንገስ አበስባሹን ቀድሞ ሥሩን እንደሚይዝበት አረጋገጠች፤ በሙከራ ማሳው ላይ ባቄላው ቀጥ ብሎ ቆመ። ጥናቱ ሲታተም ምስጋናው ላይ የእትዬ ብልቃጥ ሙሉ ስም ሰፈረ። ተቋሙ ውስጥ ሦስት ሰው መጥቶ፣ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ብሎ ራሷን ጠየቃት። ለሦስቱም አላውቃትም አለች።

በጉብኝት ቀን የዳይሬክተሩ ባለቤት መጡ። የናሙና መደርደሪያው አጠገብ ሲደርሱ አንዷን ሳህን አንሥተው የተለጠፈባትን አነበቡ፤ «ከማርማላታ ዳቦ የተገኘ፣ ቢሮ» ይላል።

«የማን ዳቦ ነው?» አሉ።

ዳይሬክተሩ ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ጀመር። እትዬ ብልቃጥ እሳቸውን አየች፣ ባለቤታቸውን አየች።

«የኔ ነው፣ እመቤቴ» አለች።

ሴትየዋ ስኳር ጥርስን፣ ጉበትን፣ ልብን እንዴት እንደሚጎዳ እዚያው ቆመው ግማሽ ሰዓት አስረዷት። እሷም በየመሃሉ ራሷን እየነቀነቀች፣ «ስለ ጉበት እስቲ ይድገሙልኝ፣ በደንብ እንዲሰማ» ትል ነበር።

«ታዲያ አሁን ትተሽዋል?» አሏት በመጨረሻ።

«እየታገልኩ ነው» አለች። አጠገቧ የቆሙት ዳይሬክተር ከልባቸው ተነፈሱ።