የተሰረቀ የጥረጋ ሳምንት

ፋብሪካው ከተዘጋ ወራት ቢያልፉም ሮስቪታ ሜርክ ጎህ ሳይቀድ መንቃቷን አልተወችም። የፋብሪካው ደወል ቀርቷል፤ ጆሮዋ ግን አሁንም ይሰማዋል። ተነሥታ ቡናዋን ታፈላለች፣ ዳቦዋን ቅቤ ትቀባለች። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን የመኪና ወንበር ልብስ ሲሰፉ የኖሩት እጆቿ የሚይዙት ያጣሉ። የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ ይጎነጉናሉ፤ ይፈታሉ፤ መልሰው ይጎነጉናሉ።

የመጨረሻው ቀን አይረሳትም። ማሽኖቹ ጉልበት ወደሚረክስበት አገር ሊጫኑ ሣጥኑ ተደርድሯል። ሌሎቹ ሴቶች ተቃቅፈው ሲላቀሱ እሷ የራሷን ማሽን ዘይት ትቀባ፣ መርፌውን ትቀይር ነበር።

«ለማታውቂያት ሴት እኮ ነው የምታሳምሪው!» አለቻት ጓደኛዋ።

«ታዲያ አቆሽሼ ልስጣት?»

አንዳንድ ቀን ያቺ ሴት ማን ትሆን እያለች ታስባለች። ማሽኑ ብርድ ሲሆን ክር እንደሚበጥስ ማን ነግሯት ይሆን?

ሥራ ፍለጋው አንድ ቀን ያወጣታል፣ አንድ ቀን ያወርዳታል። አንዱ ቦታ ልምድዎ በዛብን ይሏታል፤ ሌላው ቦታ ልምድ የለዎትም ይሏታል። በስልክ ማር የነበረ ድምፅ ዕድሜዋን ሲሰማ ይቀዘቅዛል። አንድ ጎልማሳ ኃላፊ፣ «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል?» ብሎ ጠየቃት።

«እርስዎ ወንበር ላይ ብል ይቀጥሩኛል?»

ከልቡ ሳቀ። አልቀጠራትም።

በሚያዝያ ግን ከወንዙ ዳር፣ ከሸራ የበረንዳ ጥላ ከሚሰፋበት አንድ አነስተኛ ወርክሾፕ ተጠራች። ገና በሩ ላይ የሸራውና የማሽን ዘይቱ ሽታ ተቀበላት። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሽኔክ ቁራጭ ሸራ ሰጥተው አሰፏት፤ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ሲሸኟት፣ «ዓርብ እደውላለሁ። ካገኘሁዎት ሰኞ ለሙከራ ይመጣሉ» አሏት።

ዓርብ ደረሰ። ስልኩ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፤ ሮስቪታ ትዞረዋለች። መስኮት ወለወለች። የተወለወለውን ደግማ ወለወለች። በመጨረሻ መቀመጥ ቢያቅታት በሯን ክፍት ትታ፣ ባልዲና መጥረጊያ ይዛ ወደ ደረጃው ወጣች።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው። በጀርመኗ ሽቱትጋርት፣ በተለይ ጎረቤት ሁሉ አንድ ደረጃ በሚጋራበት እንደ እነሱ ባለ አሮጌ ፎቅ ቤት፣ ደረጃ ዝም ብሎ አይጠረግም። አንዲት ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ከበር ወደ በር ትዞራለች፤ በማን በር እጀታ ላይ ከተንጠለጠለች የዚያ ሳምንት ጥረጋ የእሱ ነው። ሰሌዳዋ ያን ሳምንት ከሥሯ ባለው ፎቅ በሚኖሩት በአቶ ቦይርሌ በር ላይ ነበረች። ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ የከተማ ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ደረጃ የሚያጥቡት ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ ባግዛቸው ምን ይለኛል? አለች ሮስቪታ። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ሐሳቧ ራሷ ትስቅ ነበር።

እታችኛው ደረጃ ስትደርስ የአቶ ቦይርሌ በር ተከፈተ።

«ወይዘሮ ሜርክ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እያጠብኩ።»

«እሱንማ የማይበት ዓይን አለኝ። ሳምንቱ የማን ነው?»

«የእርስዎ። ጉልበትዎን ስለሚያምዎት ብዬ...»

«ጉልበቴ አቤቱታ አቀረበልዎት?»

«አቶ ቦይርሌ፣ ለመርዳት ብዬ እኮ ነው።»

«ጎረቤቱ ምን ይላል? ቦይርሌ አለቀለት፣ ሴትዮዋ ታጥብለታለች! ነገስ እኔ ምን ልሥራ? የታጠበ ልጠብ?» ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ። «እርስዎ ሥራ ቢፈቱ እኔንም ሥራ ሊያስፈቱኝ ነው?»

ከላይ ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው።

መጥረጊያውን ጥላ ሮጠች። ራሷ ያረጠበችው ደረጃ እግሯን አዳለጣት፤ የብረቱን መደገፊያ ይዛ ተረፈች፤ እየተጎተተች ወጣች። ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ስልኩ ዝም አለ። መልሳ ብትደውል የተቀዳ ድምፅ፣ እስከ ሰኞ ዝግ መሆናቸውን ነገራት። የደወሉላት ሊወጡ ሲሉ ኖሯል፤ ዓርብ ከቀትር በኋላ ቢሮ ውስጥ ሰው መፈለግ ከንቱ ነው።

በማግስቱ አቶ ቦይርሌ የታጠበውን ደረጃ አጠቡ። ውኃው ከወትሮው በዛ፤ ባልዲውም በየደረጃው እየተንኳኳ ወረደ። ሮስቪታ አልጋዋ ላይ ሆና እያንዳንዱን ሰማችው።

እሁድ ከሁሉም ቀን ባሰ። በአገሩ ደንብ እሁድ ምስማር አይመታም፣ ልብስ አይሰጣም፣ ጎረቤት አይረበሽም። ከወጥ ቤት ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ወጥ ቤት ትመላለሳለች። በሩ ተንኳኳ። አቶ ቦይርሌ ከረባት አስረው፣ አንድ የወንበር ትራስ ብብታቸው ሥር ይዘው ቆመዋል።

«ፈረስ አስገብተዋል እንዴ?»

«ምን?»

«ከጠዋት ጀምሮ ጣሪያዬ ላይ ይጋልባል።» ትራሱን ዘረጉላት። «የባለቤቴ መቀመጫ ነበር። ስፌቱ ተተርትሯል። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለግሁም።»

«ዛሬ እሁድ ነው እኮ።»

ሽማግሌው ወደ ደረጃው ቁልቁል አዩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መርፌ አይጮህም።»

ገብተው ተቀመጡ። ሮስቪታ ስትሰፋ መርፌዋን በዓይናቸው ተከተሉ። እጆቿ ከስንት ጊዜ በኋላ ረጉ።

«ያ ስልክ የሥራ ነበር?»

«ነበር።»

አገጫቸውን አሹ። ይቅርታ የሚባለው ቃል ከአፋቸው የሚወጣ ሰው አይደሉም። «እንግዲያው ሰኞ አይደውሉ፤ ይሂዱ። ስልክ ይዘጋል፤ በር ላይ የቆመን ሰው ግን ማለፍ ያስቸግራል። እኔ ሥራ የያዝኩት በር ላይ ቆሜ ነው።»

«ዘመኑ ተለውጧል፣ አቶ ቦይርሌ።»

«በሩ ግን ያው በር ነው።»

ሰኞ ወይዘሮ ሽኔክ ቁልፋቸውን ይዘው ሲመጡ ሮስቪታ በሩ ላይ ነበረች።

«ወይዘሮ ሜርክ! አላነሡም እኮ። ሌላ ሴት ጠርቻለሁ፤ አሁን ትመጣለች።»

«እስክትመጣ ድረስ ልስፋ?»

ወይዘሮ ሽኔክ ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ በሩን ከፈቱ። ያቺኛዋ ሴት ስትመጣ ሮስቪታ አንድ ጥላ ጨርሳ ሌላ ጀምራ ነበር። ወጣት ናት፤ እሷም ተስፋ የቆረጠ ዓይን አላት። ጎን ለጎን ሲሰፉ ዋሉ። የወጣቲቱ ክር ሲጠላለፍ ሮስቪታ ሳትናገር እጇን ሰድዳ አላላችላት። ማታ ወይዘሮ ሽኔክ የሁለቱንም ስፌት ዳሰሱ።

«ሥራ በዝቶልናል» አሉ። «ሁለታችሁም እስከ መስከረም። ከዚያ በኋላ ግን ቃል አልገባም።»

እስከ መስከረም! ሮስቪታ በከተማው ባቡር ስትመለስ ወራቱን በጣቷ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች።

ሰሌዳዋ ዞራ ዞራ እሷ በር ላይ በተንጠለጠለችበት ሳምንት ሥራው በርክቶ ቅዳሜም ተገባ። ሮስቪታ የደነዘዙ ጣቶቿን እያሸች፣ ደረጃውን ገና አላጠብኩም እያለች እየተጨነቀች ቤት ደረሰች። ደረጃው እርጥብ ነው። ሳሙና ይሸታል።

ደሟ ፈላ። የኔን ሳምንት! ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ከበሯ ፊት ለፊት ያለው የመጨረሻው ደረጃ ግን ደረቅ ነበር። አቧራው እንዳለ ነው፤ መጥረጊያ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

ቦርሳዋን አስቀመጠች። ያችኑ አንድ ደረጃ ጠረገች፤ አንድ ደረጃ ከሚፈልገው በላይ ቆየችባት።

«አቶ ቦይርሌ!» አለች ወደ ታች። «ሌባ!»

ከታች በር ገርበብ አለ።

«ጥግ ጥጉን አይርሱ!»