ከሰልፍ የወጣችው መኪና

ከሎስ አንጀለስ የወጣሁት እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ፣ ኮሮና ቤት ከከተተን ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ስለ ሰላምና ስለ ሰብአዊ ደኅንነት የማስተርስ ትምህርቴን ሳሎናችን ውስጥ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ጨርሼ፣ የቀረኝ የተግባር ልምምድ ብቻ ነበር። መምህሮቻችን ስለ ስደተኞች መጠለያ ባወሩ ቁጥር እኔም አንድ ቀን የሆነ ድንበር ላይ ድንኳን ስተክል ይታየኝ ነበር። የተመደብኩት ግን ላስ ቬጋስ ሆነ፤ የተዘጋ ሆቴል መኪና ማቆሚያ ላይ ምግብ የሚያድል አንድ የእርዳታ ቡድን ዘንድ።

እናቴ እዚያ ለምትኖረው እህቷ ለአክስቴ ወይንሸት ደውላ፣ “የደኅንነት ትምህርት ነው የተማረችው” ብላ አስረዳቻት።

“ሴኪዩሪቲ ከሆነችማ ካዚኖው ሲከፈት ደረጀ ያስገባታል” አለች አክስቴ ደስ ብሏት፤ ባሏን ማለቷ ነው። ማንም አላረማትም።

መንገድ

ባርስቶው ላይ ቤንዚን ሞላሁ። ከዚያ ወዲያ ምድሩ ገላጣ ነው፤ ቡናማ ተራራ፣ ደረቅ ሐይቅ፣ አልፎ አልፎ እጁን ወደ ሰማይ የዘረጋ እሾሃም ዛፍ። ቤከር ላይ ታኮ ገዝቼ መኪናዬ ውስጥ ማስኬን አገጬ ላይ አውርጄ በላሁ። የሻጩ ሴትዮ በመስኮቱ፣ “ቬጋስ ለመዝናናት ነው?” አለችኝ።

“ለሥራ ነው።”

“በዚህ ጊዜ ሥራ አገኘሽ? ታድለሽ!” አለችና አንድ ታኮ ጨመረችልኝ። ደሞዝ እንደሌለው አልነገርኳትም።

ሰንራይዝ ማነር

ሰፈሩ የላስ ቬጋስ ዳርቻ ነው፤ የአክስቴ አፓርታማ ፎቅ ላይ ነው። እሷ የሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር፤ ባሏ ጋሽ ደረጀ ደግሞ ካዚኖ ውስጥ ካርታ የሚያድሉ ዲለር ናቸው። ሁለቱም ከሥራ ከቀሩ ወራት አልፈዋል። እዚህ ተወልዳ ያደገችው ልጃቸው ማክዳ ኮሌጅ ትማራለች።

አክስቴ ሩዝ በምስር አቀረበችልኝ። “እናንተስ?” ስላት፣ “እኛ በልተናል” አለች። ውኃ ልቀዳ ማቀዝቀዣውን ስከፍት ግን መብራቱ ብቻ ነው የተቀበለኝ። መልሼ ዘጋሁትና ሳህኔን ይዤ ወደ ማክዳ ጠጋ አልኩ። አብረን ጨረስነው።

የመጀመሪያው ቀን

የቡድናችን ኃላፊ ዴቢ ትባላለች፤ ዕድሜዋን በብዙ አገር እርዳታ ስታከፋፍል የኖረች፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። ሥራው ቀላል ነበር፤ መኪኖች ተሰልፈው ይመጣሉ፣ የኋላ ኮፈን ይከፈታል፣ ካርቶን እንጭናለን።

ረፋድ ላይ መስታወቷ ላይ መቁጠሪያ የተንጠለጠለባት ግራጫ መኪና ተራዋ ደረሰ። የአገሬን ሰው በማየቴ ደስ ብሎኝ፣ “እንደምን አደሩ!” ብዬ ጮኽኩ። ሾፌሩ ደነገጡ። ኮፍያቸውን ዝቅ አደረጉ፣ መሪውን ጠመዘዙ፣ ከሰልፉ ወጥተው ሄዱ። ያን ሁሉ ሰዓት ጠብቀው ባዶ ኮፈን ይዘው ሄዱ። እኔ ካርቶኑን እንደታቀፍኩ ቀረሁ።

ማታ እራት ላይ ይህንኑ አወራሁ።

“ዋው፣ አንቺን አይቶ ኢምባረስ ሆነ፣ አፈረ ማለት ነው” አለች ማክዳ።

ጋሽ ደረጀ ቴሌቪዥኑን አጠፉት። “በቀለ ነው። አጠገብ ለአጠገብ ነበር የምንሠራው፤ ስለ አንቺ ነግሬው ነበር። ደውሎልኛል።”

“ምን አሉ?”

“የሚስትህ እህት ልጅ እዚያ ቆማለች፤ እንዳትሄድ አለኝ።”

አክስቴ ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ ትጠርግ ጀመር። እርዳታ ልሰጥ መጥቼ ሰው ያባረርኩ መሰለኝ።

የጋሽ ደረጀ መልስ

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ደረጀ መኪናቸውን ሲያጥቡ ወረድኩ።

“ጋሼ፣ ምን ብናደርግ ይመጣሉ?”

“ለልመና አልመጣም።”

“ለሥራስ?”

ጨርቁን ጨመቁት። “ለሥራማ መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ? እጄ ሥራ ፈትቶ ሊዝግ ነው እኮ!”

ለዴቢ ነገርኳት። አብረውን የሚሠሩ ሰዎች ምግቡን ወስደው ቢሄዱ ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቅኳት። “ለምን አይፈቀድም? እኔስ ቤቴ የምበላውን ካሮት ከየት የማመጣ መሰለሽ?” አለችኝና ሳቀች።

ቅዳሜ

ጋሽ ደረጀ የመጡት በነጭ ሸሚዝ፣ በጥቁር ሰደርያና በተወለወለ ጫማ፣ እንደ ሥራ ቀናቸው ለብሰው ነው። ከኋላቸው ጋሽ በቀለና ሌሎች የካዚኖ ባልደረቦቻቸው ተከትለዋል። ጋሽ በቀለ እኔን ሲያዩ ትንሽ አፈሩ። “ያን ቀን ቸኩዬ ነው” አሉኝ። “ገብቶኛል፣ እንኳን መጡ” አልኩ፤ በዚያው አለፈ።

ጋሽ ደረጀ መግቢያው ላይ ቆመው መኪኖቹን በእጃቸው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲልኩ ካርታ የሚያድሉ ይመስሉ ነበር። የሐበሻ መኪና ሲመጣ መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብለው፣ “ግባ፣ ዛሬ ካዚኖው ነው የተበላው!” ይላሉ። ሰዉ ይስቃል፣ ኮፈኑን ይከፍታል።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ፒክአፕ ወረፋ ሰብሮ ገባ። ከኋላው የነበረችው ሴት ወርዳ ጮኸችበት፤ እሱም ወረደ። መሃላቸው ሄድኩ። የተማርኩት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፍቶ፣ “ምን ሆነህ ነው?” ከማለት ሌላ አልመጣልኝም።

ሰውየው ኖርዝ ላስ ቬጋስ መጋዘን ውስጥ ሥራ ካገኘ ገና ሳምንቱ ነው፤ ሺፍቱ ሊጀምር ነው፤ ካረፈደ ያባርሩታል። ለሴትየዋም፣ “አንቺስ?” አልኳት። ሦስት ልጆች መኪና ውስጥ አሏት፣ ውኃ ጠምቷቸዋል። ሁለቱም ተያዩ። “ይለፍ፣ ግን ከእሱ ቀጥሎ እኔ ነኝ” አለች። ሰውየው ሥራ ሄደ፤ ለልጆቹ ቀዝቃዛ ውኃ አመጣሁላቸው።

“ይኼ ነው እንዴ ሴኪዩሪቲው?” አሉ ጋሽ ደረጀ ከበስተኋላዬ።

“ይኼ ነው፣ ጋሼ።”

“ከካዚኖው ይከብዳል።”

ማምሻውን ካርቶን በየመኪናችን ጭነን ሄድን። አክስቴ ከካርቶኑ የወጣውን ዶሮ በድንችና በቃሪያ ሠራችው። በዚያ ምሽት አምስት ጊዜ “ጨምሪ” ተብያለሁ፤ “በልተናል” ያለ ግን አልነበረም።

መመለስ

ልምምዴ አልቆ ስመለስ በረሃው መሃል ቢጫ አበባ ወጥቶ ነበር። የተማርኩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ ብባል፣ ሰውን “ምን ጎደለህ?” ብሎ ከመጠየቅ በፊት “ምን ትችላለህ?” ብሎ መጠየቅ ነው እላለሁ። ደግሞ ይህን ለማወቅ ድንበር መሻገር ግድ አልሆነብኝም። ዴቢ ስትመረቂ ነይ፣ ሥራ አለሽ ብላኛለች፤ እሄዳለሁ።

ቤቴ ገብቼ ሻንጣዬን ሳልፈታ አክስቴ ደወለች። ካዚኖው ጋሽ ደረጀን ጠርቷቸዋል።

“እልል በይ! ፕሮግራሙን ራስህ ምረጥ አሉት” አለችኝ።

“ታዲያ ምን መረጡ?”

“ከሰኞ እስከ ዓርብ። ቲፑ የሚዘንበው ቅዳሜ ነው ብለው ቢለምኑትም አይሆንም አለ። ቅዳሜ ሥራ አለኝ ብሏቸዋል።”