እድሩ ያዋሰን ማሽን

ፊደል የቆጠረ ኢትዮጵያዊ የጃፓኖችን ጽሕፈት በቀላሉ ይለምዳል፣ ሁለቱ ይመሳሰላሉ ይባላል። አይመሳሰሉም። የእኛ «ከ» እና «ኪ» ፊታቸው የወንድማማች ነው፤ የእነሱ «ካ» እና «ኪ» ግን አይተዋወቁም። የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር ሁለቱንም ምንም ሳይገባህ ጮክ ብለህ ማንበብ መቻልህ ነው። ይህን የተማርኩት ባለፈው ክረምት፣ እናቴ የሞተች ጊዜ ነው።

የምንኖረው ከየካ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው አቀበት ላይ ነው። አየሩ ለጤነኛም ይሳሳል። የእናቴ ሳንባ ሲደክም ሐኪሙ ቤት ውስጥ ኦክስጅን ያስፈልጋታል አለ። እድራችን ከጃፓን የመጣ አሮጌ የኦክስጅን ማሽን ነበረው፤ ውጭ አገር የሚኖር የአንድ አባል ልጅ የላከው ነው። ከድንኳኑና ከድስቶቹ ጋር ዕቃ ቤት ይቀመጣል። ተዋስነው። እናቴ ትንፋሿ ተመለሰ፤ ሰው መተረብም ጀመረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ጮኸ። በትንሿ መስኮቱ ላይ የጃፓን ፊደል ብልጭ ድርግም ይላል። አጥፍተን ስናበራው ጩኸቱ ቆመ፤ ፊደሉ ግን ተመልሶ መጣ። እህቴ ጎረቤታችንን ቤቴልን ጠራቻት። ቤቴል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የጃፓን ካርቱን ስታይ ፊደላቸውን ለምዳለች።

«ይሄማ ቀላል ነው ጋሼ» አለችኝና ጎንበስ ብላ አነበበችው። «ሳንሶ። ኖውዶ። ቴይካ።»

«አንቺ፣ ወንድ ብትሆኚ ዲያቆን ይወጣሽ ነበር» አለች እናቴ።

«አሁንስ ማን ከለከለኝ እማማ?»

«ቄሶቹ ናቸዋ።»

ሳቅን። እናቴ ድገሚልኝ አለቻት፤ ቤቴልም እንደ ዜማ እየጎተተች ደገመችላት። እህቴ «ተመስገን» አለች። ለምን እንደተመሰገነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ብዙ አንባቢ የምባለው እኔም አልጠየቅሁም። ግዕዝ ሲነበብልን ያደግን ሰዎች ነን። ሳይደናቀፍ ከተነበበልን አሜን ብለን እንቀመጣለን።

በማግስቱ ጠዋት ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ሰውነቷ ቀዝቅዞ አገኘናት። ማሽኑ አጠገቧ እየሠራ ነበር።

የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ይዘው መጡ፤ ሲመለሱ ማሽኑን ሊወስዱ። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ዘመዳችን ማሽኑን አብርቶ ስልኩን ፊደሉ ላይ ደቀነ። ካሜራው ወዲያው ተረጎመው፤ «የኦክስጅን መጠን ቀንሷል» ይላል።

እንዲህ ያለ ስልክ እኛም ኪስ ውስጥ ነበር። ጽሑፉ ማንም የማያነበው ቢሆን ኖሮ ስልካችንን እናወጣ ነበር። የተነበበን ነገር ማን ይመረምራል?

ቤቴል ከዚያ ወዲህ በእኛ ደጅ አታልፍም። ለቀስተኛው ሁሉ «ቀናቸው ደርሶ ነው» ብሎኝ ሄደ። ለእድሩ ሊቀመንበር ማሽኑ መበላሸቱን ብነግረው «ይሠራል እኮ፤ እናትህ እስከ መጨረሻው ተጠቅመውበታል» አለኝ። ሰሞኑን ለአንድ አባል አማች አውሶታል። አማችየው መሪ የሚባለው ሰፈር ይኖራል፣ አባቱ ታመውበታል፤ ከዚህ በላይ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። የአባሉ ስልክ ደግሞ አይነሳም።

አንተ መሪ ሰፈር ያለኸው ሰውዬ፣ ይህን ካነበብክ ማሽኑን ተወውና አባትህን አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዳቸው።