ጋሽ ጉርድና ባለ ሙሉ ቁመቷ አበባ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሲያነሣ ኖሯል። ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለሥራ ማመልከቻ፤ ሁሌም ከደረት በላይ፣ ሁሌም በነጭ መጋረጃ ፊት። ሰፈሩ ስሙን እርግፍ አድርጎ ረስቶ «ጋሽ ጉርድ» ይለዋል። ስቱዲዮው በጫማ ጠጋኙና በፋርማሲው መሀል የተወሸቀች ጠባብ ክፍል ናት። ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ አንድ እግሯ አጭር ነው፤ ሆን ብሎ አላስጠገናትም። ሰው እንዳይወድቅ ሲጠነቀቅ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል ባይ ነው።

እሁድ እሁድ ግን ካሜራውን አንግቶ በረሃ ይወርዳል። ዝናብ በጣለበት ዓመት ያ ድንጋይ ብቻ የሚመስል ምድር በጸደይ ለሁለት ሳምንት ያብባል። አንድ ጊዜ በደረቅ ወንዝ ዳር ጉሮሮዋ የቀላ ነጭ አበባ አገኘና አነሣት። ፎቶውን ይዞ ዩኒቨርሲቲ ወደምትሠራ የዕፅዋት ተመራማሪ ሄደ።

«ጋሼ፣ ይህቺ የምጠረጥራት ከሆነች፣ ከዚህ በረሃ ጠፋች ከተባለ ስድሳ ዓመት ሆኗል» አለችው። «በዚህ ፎቶ ግን ምንም ማለት አልችልም።»

«ምን ጎደላት ዶክተር? ጥርት ብላለች እኮ።»

«ቅጠሏስ? አገዳዋስ? ቁርጥ እሷን የምትመስል ዘመድ አለቻት፤ የሚለዩት ከታች ነው። እርስዎ ደግሞ ከአንገት በላይ ነው ያነሧት።»

ፎቶውን ተቀብሎ አየው። እውነትም ጉርድ ነበር። በረሃ ወርዶም እጁ ልማዱን አልተወም።

በማግስቱ ሥራውን ዘግቶ ቢገሠግሥ አበባዋ ደርቃ ነፋስ ወስዷታል። ከዚያ ሁለት ጸደይ ጠብ የሚል ዝናብ ጠፋ። ወሬው ሰፈር ገብቶ ጫማ ጠጋኙ መሳቂያ አደረገው። «ጋሽ ጉርድ፣ አበባዋ መታወቂያዋን መጥታ ወሰደች?» ይለዋል በየጠዋቱ። ጋሽ ጉርድ አብሮ ይስቃል፤ ውስጡ ግን ያራል። በዕድሜው ቀርፋፋም ቆንቋናም ተብሏል፤ ውሸታም ተብሎ አያውቅም። ያመነችው ሚስቱ ብቻ ናት። ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷም ብትሆን የምታምነው ዓይኑን እንጂ አፉን አይደለም።

በሦስተኛው ዓመት ዘነበ። የስቱዲዮውን ነጭ መጋረጃ ጠቅልለው ሁለቱም በጠዋት አውቶቡስ በረሃ ወረዱ። ወንዙን ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ ፀሐዩ በረታ፤ አበባው ሁሉ ቢጫ ነው። ጋሽ ጉርድ ተስፋ ቆርጦ ዞር ሲል ሚስቱ ክንዱን ያዘችው።

«አንተ፣ ቁም። ልትረግጣት ነው።»

እግሩ ሥር ነበረች፤ ነጭ፣ ጉሮሮዋ ቀይ። ካሜራውን አነሣና እንደ ልማዱ ወደ ፊቷ ተጠጋ።

«እግሯን!» አለች ሚስቱ።

ያን ቦርጭ ይዞ ጠጠሩ ላይ በሆዱ ተኛ። ሚስቱ መጋረጃውን ከአበባዋ ኋላ ወጠረች። ነፋሱ አበባዋን አላስቆም አለ።

«አትንቀሳቀሺ፣ የኔ እመቤት» አለ ጋሽ ጉርድ።

«አልተንቀሳቀስኩም» አለች ሚስቱ።

ሳቁን እስኪጨርስ ነፋሱ ጋብ አለ፤ ከሥሯ እስከ አናቷ አነሣት።

ተመራማሪዋ ፎቶውን አይታ ከወንበሯ ተነሣች። «እሷ ናት» አለች፤ ቆየት ብላም ደገመችው። ከዚያ ትልቅ መዝገብ ከፈተችና «ያገኛት ሰው ስም ማን ልበል?» ስትለው፣ ሙሉ ስሙን ከነአያቱ ቀስ እያለ አስጻፈ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ፎቶዋን በር የምታህል አድርጎ አሳትሞ መስኮቱ ላይ ሰቀላት። ጫማ ጠጋኙ ፊቷ ቆሞ ብዙ ከቆየ በኋላ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ።

«ጋሼ፣ በድዬሃለሁ» አለ። «እኔንም እንደሷ አንሣኝ፤ ከነጫማዬ።»

«ተራህን ጠብቅ» አለው።

መጋረጃው ፊት ሚስቱ ቆማለች፤ በርጩማዋ ወደ ጥግ ተገፍታለች። በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር እሱ ያነሣት ፎቶ ሁሉ ጉርድ ነው። ካሜራውን ይዞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ጫማዋ አልገባም። አሁንም ወደ ኋላ አለ። ክፍሏ አልበቃ ስትለው ጫማ ጠጋኙን ገፋ አድርጎ በሩን አለፈና፣ መንገዱ ላይ ቆሞ አነሣት።